የጃርት ግሩፕ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ «የጃርት ቤት» በሉኝ።

ጃርት ለዱር አራዊት የስልክ ግሩፕ ከፍቶ፣ እየተመለሰ የሚሳደበውን ጅብ ማባረር ሲሰለቸው ጦጣን አድሚን አደረጋት። ቀልደኛዋ ጦጣም፣ «ጋሽ ጃርት፣ እጄ ስቶ እርስዎን ባባርርስ?» አለችው።

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። ወዲያው ሹመቷን ገፈፋት፤ እሱን ማንም እንዳያባርር ግሩፑን ቆለፈ፤ ያም እንቅልፍ አልሰጠው ብሎ፣ እሱ ሳይፈቅድ ማንም እንዳይጽፍ ከለከለ። ግሩፑ ጭጭ አለ።

አንድ ቀን ኤሊ ልትወጣ ስትል አየና እንድትጽፍ ፈቀደላት።

«አንቺ ደግሞ ወዴት ነው?»

«እኔ ቀርፋፋዋ ቀርቼ ነው እንጂ፣ ሌሎቹማ ከወጡ ቆዩ።»

«ማን አባረራቸው?»

«ማንም አላባረራቸውም። እርስዎን ማባረር ስላልተቻለ እኛው ወጣን።»

ጃርት እሾሁን አስተኝቶ፣ «ተመስገን! ከእንግዲህ ሥልጣኔን የሚነካ የለም» አለ።

ተረቴ ይኸው፤ ጃርትም እዚያው።