በሰም የታሸገው የሮማን ሽሮፕ

በድሬዳዋ በባቡር ሠራተኞች ሠፈር፣ ከቤቱ ሰው አፍ ነጥቆ ለእንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው ሲታይ አንድ ተረት ይጣልበታል። ተረቱን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። የት እንደተተረተ የሚያውቁት ግን ጥቂት አሮጊቶች ናቸው፤ እነሱም ሲያወሩት ሳቅ የለበትም።

አሰገደች ንፉግ ነበረች የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው። ጨው ያለቀበት ጎረቤት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነበር። የእሷ ነገር ሌላ ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ግራዝማች ይርዳው ነበሩ፤ ጨርጨር ደጋ ላይ ርስት ያላቸው፣ አንድ ጊዜ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው። እሷ ደግሞ እሳቸው ያጩላትን ባል ትታ፣ ዘውገ ከሚባል የባቡር ፍሬን ያዥ ጋር ኮበለለች። ግራዝማች አልረገሙም፣ አላሳደዱም። «የባቡር ጭስ እየበላሽ ኑሪ። አንድ ቀን ብመጣ በምን እንደምትቀበይኝ አያለሁ» ብለው ላኩባትና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት አለፈ፤ ደጇን አልረገጡም። አሰገደች ግን ያቺን «ብመጣ» የምትል ቃል ይዛ ቀረች። ሌሎቹን ቃላት ሁሉ ይቅር ብላቸው ነበር።

በአንድ ሑዳዴ፣ ግራዝማች «ለፋሲካ እመጣለሁ» ብለው በባቡር ሰው ላኩ። አሰገደች ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ወጥታም ግቢው ውስጥ ያለችውን ሮማን አየች። ዛፏን የተከላት ዘውገ ነው፤ ማፍራቷ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር። አሰገደች ከተማ እንደገባች ሰሞን በአንዲት ግሪካዊት ሴት ቤት ስትሠራ የፍራፍሬ ሽሮፕ አፈላል ተምራለች። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ለእንግዳ ያቀርቡታል፣ በተቆረጠ ፓፓያ ላይም ያፈሱታል። ደጋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም። ጋሼ ይርዳው ገና ከመቀመጣቸው፣ ከባቡር ጭስ ቤት፣ እንደ ዕንቁ የቀላ መጠጥ በብርጭቆ!

ባልና ሚስት ግቢ ቁጭ ብለው ሮማኑን ሲፈለፍሉ ዋሉ። የዘውገ ጣቶች እስከ ጥፍሩ ቀሉ። እሷ ፍሬውን በንጹሕ ሻሽ ጨመቀች፣ ደግማ አጠለለች፣ ስኳሩን ጨምራ በለዘበ ከሰል ላይ ጣደችው። ሲንተከተክ አረፋውን በማንኪያ እየገፈፈች ሣህን ላይ ታስቀምጣለች። ዘውገ ከአጠገቧ አልተነሳም።

«አንዲት ማንኪያ ብቻ» አላት።

«ለእንግዳ ነው።»

«ዛፏን የተከልኩ እኔ፣ የፈለፈልኩ እኔ!»

«እንካ፣ አረፋውን ላስ።»

ላሰው። ዓይኑን ጨፈነ። «አረፋው እንዲህ ከሆነ እሱ ራሱ እንዴት ሊሆን ነው!» አለና ሣህኑን በጣቱ ጠረገ።

ከማንኪያዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሣህን ላይ ጣለች። ጠብታዋ ከሮጠች ሽሮፑ አልደረሰም፤ ከቆመች ደርሷል። ቆመች። ሎሚ ጠብ አደረገችበት፣ በፈላ ውሃ ባጠበችው ጠርሙስ ሞላችው፣ ቡሽ ወተፈችና በላዩ የቀለጠ ሰም አፈሰሰች። ከዚያ ሁሉ ሮማን የወጣው አንድ ጠርሙስ ነው። ቢፌው ውስጥ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች መካከል አስቀምጣ ቆለፈችበት። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ፋሲካ መጣ፤ ግራዝማች አልመጡም። ዝናብ መንገድ ዘጋ አሉ። «ለግንቦት ልደታ» አሉ። ለግንቦት ልደታም ቀሩ። ከዚያ «ቡናው ይሸጥና» ተባለ። አሰገደች በየጊዜው ቤቱን ትጠርጋለች፣ ብርጭቆዎቹን ትወለውላለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። ዘውገ ያሾፍባት ነበር። «ግራዝማችና ባቡሩ ተማክረዋል፤ ሁለቱም በሰዓቱ አይመጡም» ይላታል።

ሰኔ ላይ፣ ያ የድሬዳዋ ሙቀት ግድግዳውን ሲያግል፣ ዘውገ ታመመ። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የመጣው ሐኪም መድኃኒት ሰጥቶ «ብዙ ይጠጣ፤ ያሰኘውን ስጪው» ብሏት ሄደ። ውሃው አስጠላው፣ ሻዩ አስጠላው። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ።

«አሰጉ፣ ከዚያች ቀይ ጠብ አድርጊልኝ። አፌን መረረኝ።»

እሷ ምክንያት አላጣችም። ሰሙ ከተነሳ በዚያ ሙቀት ሽሮፑ አይቆይም፣ ይቦካል። ጋሼ ደግሞ በዚህ ሳምንት ተነስተዋል የሚል ወሬ ደርሷታል። «ጋሼ ሊደርሱ ነው። ያኔ ተነስተህ አብረሃቸው ትጠጣለህ» አለችው።

«እሺ» አለ ዘውገ። በሎሚና በስኳር የበጠበጠችውን ውሃ አመጣችለት፤ አንዴ ተጎንጭቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጎረቤቷ እማማ ፈለቀች ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ባላቸውንም ልጃቸውንም የቀበሩ ሴት ናቸው። አሰገደችን እጇን ይዘው ወደ ደጅ አወጧት።

«ምነው ልጄ፣ ያማረውን ስጪው እንጂ! እንግዳው ሲመጣ ውሃም ቢሆን ይጠጣል። የዚህ ልጅ ነገር ግን እኔን አላማረኝም።»

ለበጎ ነው የተናገሩት፤ ግን ያችን የመጨረሻዋን ባይናገሯት ምን ነበር! አሰገደች ክው አለች። አባቷ በሞቱበት ሰሞን፣ ተስፋ ሲቆረጥ፣ «ያማራቸውን ስጧቸው» ተብሎ ማር ተቆርጦላቸው ነበር። ማሩ ከአፋቸው ሳይወርድ ነው የሞቱት።

«ያማረው ሁሉ የሚሰጠው ለሚሞት ሰው ነው» አለች። «ባሌ አይሞትም! ተነስቶ ከጋሼ ጋር ይጠጣል!»

ቁልፉን አጥብቃ ደግማ ቋጠረችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የእንግዳ ነገር መሆኑ ቀረ። ሰሙ እስካልተነሳ ድረስ ዘውገ የማይሞት መሰላት። ፍቅር ሰውን እንዲህም ያጃጅላል።

ዘውገም ከዚያ በኋላ ስጪኝ አላላትም። አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ዓይኑን ገልጦ «እስቲ አሳዪኝ፤ ልየው ብቻ» አላት። አወጣችለት። በመስኮቱ ብርሃን ፊት ስትይዘው ጠርሙሱ ነደደ፤ ቅላቱ ፊቱ ላይ አረፈ። ዘውገ ፈገግ አለ።

«የእኛ ዛፍ» አለ።

መልሳ ቆለፈችበት። በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ዘውገ ዐረፈ።

እድርተኛው ድንኳን ተከለ። ፋሲካም ግንቦት ልደታም ያላመጣቸውን ግራዝማች ይርዳውን ሞት አመጣቸው። ከጣቢያው ጀምሮ እያለቀሱ፣ ኩታቸውን አዘቅዝቀው፣ በዚያ ቀትር በእግራቸው መጡ። «ወንድሜን! ሳላውቀው የቀረሁትን ወንድሜን!» እያሉ ድንኳኑ መሐል እንደደረሱ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ደገኛ ናቸው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የመጡት፣ ሙቀቱንም አልለመዱትም።

«ጣፋጭ ነገር! ስኳር በጥብጣችሁ አምጡ!» ተጮኸ። ስኳሩ ግን ለለቀስተኛው ሻይ አልቆ ነበር።

ደረቷን ስትደቃ የነበረችው አሰገደች ጩኸቱን ሰማች። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ጭምር። ቁልፉን ለእማማ ፈለቀች ሰጠቻቸው። እማማ ፈለቀች ቢፌውን ከፍተው ጠርሙሱን አወጡ።

ሰሙ ተሰበረ። ሽሮፑ በእንግዳ ብርጭቆ ተበጥብጦ ለግራዝማች ቀረበላቸው። ጠጡ። ነፍሳቸው ተመለሰች። በሙቀቱ የዛሉ ሽማግሌዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ስለነበር አሰገደች ተናገረች፤ «ለሁሉም ስጧቸው። አንዴ ከተከፈተ አይቆይም።»

ሌሎቹ ብርጭቆዎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ለቅሶ ቤት ሽሮፕ የተጠጣው ያን ቀን ነው። ግራዝማች በብርጭቆአቸው የቀረውን ቅላት አይተው ወደ እህታቸው ዞሩ።

«እኔ ጭስ ትበያለሽ ብዬ ነበር፤ አፌን ይያዘው» አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ቤት ነው ለካ! እሱም ቢሆን ይህን እየጠጣ ነው የኖረው። አፉ ጣፍጦት ነው የሄደ። በዚህ ተጽናኚ፣ እህቴ።»

«አረፋውን ነው የቀመሰው፣ ጋሼ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አረፋውን። ታሞ ለመነኝ። ለእርስዎ ነው ብዬ ከለከልኩት።»

ግራዝማች ብርጭቆውን ወደ አፋቸው መመለስም መሬት ማስቀመጥም አቅቷቸው እንደያዙት ቀሩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚላት ሰው ጠፋ፤ እሷም የሚያጽናናትን ስትፈልግ አልታየችም። ከድንኳኑ ውጭ ሮማኗ ቆማለች፤ አሰገደች ዓይኗን ከዛፏ ላይ አላነሳችም።

ያን ጊዜ እማማ ፈለቀች፣ ባዶውን ጠርሙስ እንደታቀፉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ወይ አለመታደል፤ ለእንግዳ የከደኑት ለለቀስተኛ ተከፈተ» አሉ።