ሽማግሌ ሆና የተላከች ስልክ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ባለፎቅ በስተርጅና ሚስት አማራቸው። በፎቃቸው በረንዳ ላይ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሽንኩርት ትቸረችራለች፤ ዓይናቸውን የጣሉት በእሷ ልጅ ላይ ነው። ወዳጆቻቸው "ሽማግሌ ይላኩ እንጂ" ቢሏቸው፣ "በአፌ ያዘዝኳትን ሁሉ የምትፈጽም ስልክ ኪሴ ውስጥ እያለች ማንን ደጅ እጠናለሁ?" ብለው ተቆጡ።

እሑድ ጠዋት ሴትዮዋ ቤት ሄዱና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ "በይ፣ ልጅቷን ጠይቂልኝ" አሏት።

ስልኳም በለስላሳ የሴት ድምፅ፣ "ልጅዎን ለአቶ ደምመላሽ በሚስትነት እንዲሰጡልን በትሕትና እንጠይቃለን" አለች።

ሴትዮዋ ስልኳ ላይ አፈጠጠች።

"ምን ታፈጫለሽ? መልሺላት እንጂ!" አሉ አቶ ደምመላሽ። "እምቢ ካልሽ ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሽንኩርትሽን በረንዳዬ ላይ እንዳላይ!"

"መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ሴትዮዋ። "ይህች ሽማግሌዎ እምቢ ብላዎት ታውቃለች?"

"እኔን? በጭራሽ!"

"ሲቆጧትስ መልስ ትሰጣለች?"

"ምን አቅም አላት! ይቅርታ ትጠይቀኛለች እንጂ።"

"የሰለቸችዎት ጊዜስ?"

"አጠፋታለሁ፣ አለቀ።"

ሴትዮዋ ስልኳን ከጠረጴዛው አንሥታ በሁለት እጇ አስረከበቻቸው።

"እንግዲያው ጌታዬ፣ የሚፈልጓትን ሚስት ካገኙ ቆይተዋል። እኔ ሽንኩርቴን ዛሬውኑ አነሣለሁ፤ እርስዎም ሚስትዎን ይዘው በሰላም ይግቡ። የእኔ ልጅ አትሆንዎትም፤ በእናቷ ስለወጣች ማብሪያ እንጂ ማጥፊያ የላትም።"