የሰይጣን ሠዓሊው

ሰይጣን በመሣል ወደር ያልነበረው አንድ ሠዓሊ ነበር። ፊታውራሪ ወንድይራድ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ከሌሎች ሠዓሊዎች ጋር አስጠሩት። እሱ ግን ሰይጣን ሰልችቶት ኖሮ አንድ መልአክ ጀመረ። ፊታውራሪው አይተው ሳቁ።

«አንተን ያስጠራህ ሰይጣን ነው፤ እዚያው እርጋ። ከሰይጣን ሌላ ብትሥል እጅህን አስቆርጠዋለሁ» አሉት።

ሠዓሊው መልአኩን በኖራ አጠፋና ዓመት ሙሉ ቀንድና ጅራት ሲሥል ከረመ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ፊታውራሪው ካባቸውን ደርበው መጡ። «በል እንግዲህ፣ ከእመቤታችን እግር ሥር እኔን ሣለኝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሠዓሊው። «ሰይጣን በጎኑ ባንድ ዓይን፣ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንደሚሣል ያውቃሉ። እጄ እንዳይቆረጥ፣ እርስዎን በስንት ዓይን ልሣልዎት?»