ጭራቁ በርኖሱን በባሕር ላይ የዘረጋ ጊዜ

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

የዛሬው ከባሕር ዳር ነው፤ ጠጋ በሉ።

በድሮ ጊዜ፣ «ጓዳው ውስጥ መረብ እንዳትጥል፤ ልጆች አሉበት» እያለ ጠዋት ማታ ልጁን የሚመክር አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አባትየው ሞተ። ልጁ ኢድሪስም አድጎ ዓሣ አጥማጅ ሆነ፤ ሚስት አገባ፤ ልጆች ወለደ። የአባቱን ቃል ግን አልረሳም።

ጓዳ የሚሉት ባሕሩ ወደ የብስ ገባ ብሎ የሚረጋበትን ስፍራ ነው። የዓሣ ጫጩቶች እዚያ ይፈለፈላሉ። ሲፈለፈሉ ሰሊጥ ያክላሉ። ጣት ሲያክሉ ወደ ሰፊው ባሕር ይወጣሉ፤ አጥማጁም መረቡን የሚጥለው ያን ጊዜ ነው። በየዓመቱ የሚነሣው ትልቁ ነፋስ ከመምጣቱ በፊት ጣት ካላከሉ ግን ማዕበሉ ከድንጋይ ጋር ያላትማቸዋል። የዚያን ዓመት ዓሣ የለም ማለት ነው።

አንድ ዓመት ጭራቅ መጣ። «ይቺ ፀሐይ እንቅልፍ ነሳችኝ» አለና ጥቁር በርኖሱን አውልቆ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር በጓዳው ላይ ዘረጋው። ዳርቻው ላይ ከሥሩ ገብቶ ተኛ። ጓዳው ጨለመ። ቀኑም ጨለማ፣ ሌሊቱም ጨለማ።

ኢድሪስ በበርኖሱ ጠርዝ እጁን ሰዶ ውሃ በቅል ይቀዳል፤ ጫጩቶቹን ያያል። ሰሊጥ ናቸው። በማግስቱ ይቀዳል። ሰሊጥ ናቸው። በሦስተኛውም ቀን ያው ሰሊጥ ናቸው፤ እንዲያውም ከስተዋል።

ኢድሪስ መቆሚያ መቀመጫ አጣ። ይቀመጣል፣ ይነሣል። ወደ ባሕር ይሄዳል፣ ይመለሳል።

ሚስቱ ዘህራ «አንተ ሰውዬ፣ ምንጣፉን በእግርህ ጨረስከው እኮ። ወይ ቁም፣ ወይ ተቀመጥ» አለችው።

«ነፋሱ እየመጣ ነው ዘህራ። ጫጩቶቹ አላደጉም። ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?»

ርቧቸው ይሆናል ብሎ ማሽላ ወቅጦ በተነላቸው። ዱቄቱ ሰመጠ፤ ሸተተ። ጨምሮ በተነ፤ ብሶ ሸተተ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊበትን ሲል እመት ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ብቅ አለች።

«ጌታው፣ ቤቴን አገማኸው» አለችው።

«ልመግባቸው ብዬ ነው።»

«ምግብማ ሞልቷቸዋል። ውሃው እንደ ትቢያ በደቀቁ ነፍሳት የተሞላ ነው። ግን ጫጩት የሚበላው በዐይኑ ነው። አይቶ፣ አነጣጥሮ፣ ቀለብ ያደርጋል። የሚበላው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቀውም፣ ይሸሻል። በጨለማ ምኑን ያየዋል? ምግቡ አፉ ሥር እያለ ይራባል።»

ኢድሪስ ፊቱን ታጠበና ጸለየ። «ጌታዬ፣ ጉልበት የለኝም። ዘዴ ስጠኝ» አለ። ከዚያ ወደ ጭራቁ ሄደ።

«አያ ጭራቅ።»

ጭራቁ አንድ ዐይኑን ገለጠ። «ቁርሴ በእግሩ መጣ እንዴ?»

«በርኖስህን አንሣልኝ። ጫጩቶቹ በጨለማ መብላት አቃታቸው።»

«ሰነፎች ናቸው። እኔ በጨለማ አንድ በሬ እጨርሳለሁ።»

«እስቲ እንየው። ሦስት ጊዜ ገበታ አቀርብልሃለሁ፤ በርኖስህ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ። ከጠገብክ እኔን ጨምረህ ብላኝ። በርኖሱን ካነሣህ ግን ይዘኸው ትሄዳለህ።»

ጭራቁ ሳቀ። «እንግዲያው ጨውህን ተቀብተህ ጠብቀኝ» አለው።

ዘህራ ነገሩን ስትሰማ «ያለችንን አንዲት ፍየል ለጭራቅ? አንተንስ ምርቃት አድርገህ ጨመርክለት?» አለች። ከዚያ ቢላዋውን ሳለችለት።

ኢድሪስ ፍየሏን አርዶ ሥጋውን ቆራረጠ። እመት ሸርጣን ዘመዶቿን ሁሉ ጠራች። እሱም ሥጋውን በየሸርጣኑ ጀርባ ላይ በክር አሰረ። ጫጩት የሚበላው ነገር ይሸሻልና የጭራቁም ይሽሽ ብሎ ነው።

የመጀመሪያው ገበታ በበርኖሱ ሥር ገባ። ጭራቁ እጁን ሰደደ። ሥጋው ኮሽ ኮሽ እያለ ሄደ። ድንጋይ አፍሶ ነከሰ፤ ጥርሱ ረገፈ። «አጥንት በዝቶበታል» አለ፣ ማፈሩን እንዳያውቁበት።

ሁለተኛው ገባ። አሁንም ኮሽ ኮሽ። ጭራቁ አፈፍ አደረገና የገዛ አውራ ጣቱን ጎረሰ።

«አያ ጭራቅ፣ ጣዕሙ እንዴት ነው?» አለው ኢድሪስ ከውጭ።

«ዝም በል።»

ሦስተኛው ገባ። የሥጋው ሽታ ከቀኝ ይመጣል፤ ወደ ቀኝ ይዞራል። ከግራ ይመጣል፤ ወደ ግራ ይዞራል። ሆዱ ይጮሃል። በመጨረሻ «የት ነው ያለው ታዲያ?» ብሎ ብድግ አለና በርኖሱን በሁለት እጁ ገፈፈው። ፀሐይ ገባች። ሥጋው በሸርጣኖቹ ጀርባ ላይ ሆኖ እግሩ ሥር ነበር።

«አነሣኸው» አለ ኢድሪስ።

ጭራቁ ቃሉን ሊያጥፍ አሰበ። ሸርጣኖቹ ግን እግሩን ከበው ይቆነጥጡት ጀመር። በርኖሱን በብብቱ ሸጎጠና እያነከሰ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አልታየም።

ጫጩቶቹ አዩ። አይተው በሉ። በልተው አደጉ። ሰሊጥ የነበሩት ስንዴ አከሉ፤ ስንዴ የነበሩት ባቄላ አከሉ።

ኢድሪስ ግን አላረፈም። ነፋሱ ቀርቧል። «ቀን እንዲህ ካሳደጋቸው ሌሊቱንም ቀን ባደርገውስ?» አለና ጓዳውን ዙሪያውን በችቦ ከበበው። ጠዋት ሲያይ ጫጩቶቹ ዝለዋል። እሳቱን ሲከተሉና እርስ በርስ ሲላተሙ ነው ያደሩት፤ ቀን ሲመጣ ለመብላት አቅም አጡ። እሱ ግን ችቦው አንሶ ነው አለና ሌላ እንጨት ይከምር ጀመር።

አመሻሽ ላይ ጨው የጫነ ግመል የሚነዳ መንገደኛ በዚያ አለፈ። ኢድሪስ አያውቀውም። መንገደኛው ቆመና ውሃውን አየ፣ የተከመረውን እንጨት አየ፣ እንቅልፍ አጥቶ የቀላውን የኢድሪስን ዐይን አየ። የሆነውን ከኢድሪስ ሰምቶ አንድ ነገር ተናገረና ግመሉን እየነዳ ሄደ።

ኢድሪስ ችቦዎቹን ሁሉ ውሃ ውስጥ ነከረ። ቤቱ ገብቶ ተኛ። ትልቁ ነፋስ ሲመጣ ጫጩቶቹ ጣት አክለው ወደ ሰፊው ባሕር ወጥተው ነበር። የኢድሪስና የዘህራ ልጆችም ያን ዓመት ጠግበው አደሩ።

እኔ ተረቴን ለባሕሩ መለስኩ፤ እናንተ ትምህርቱን ይዛችሁ ወደ መኝታችሁ ግቡ። መንገደኛው ለኢድሪስ የነገረው፣ ቃል ሳይጨመር ቃል ሳይቀነስ፣ ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ ፈጣሪ ቀኑን ለመብላት፣ ሌሊቱን ለማረፍ ሠራው። አንተ ለዓሣዎቹ ብርሃናቸውን አስመለስክላቸው፤ ሥራህ እዚያ ላይ አልቋል። አሁን እሳቱን አጥፋና ተኛ፤ ማሳደጉ የእሱ ነው።»