የራስ ቅሉ ወራሽ

ነገሩን ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱ ላይ ተሳስቼ ይሆናል። ግራዝማች ይልቃል የአንዲት ምላሰኛ መበለት የወንዝ ዳር እርሻ ሊወስዱባት ይሟገቱ ነበር። ሴትዮዋ ሌላ የምትበላበት መሬት አልነበራትም። ታዲያ ተመራማሪዎች ከእርሻው ጥግ የሰው ራስ ቅል ቆፍረው አወጡና፣ "ዕድሜው ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ነው፤ የሰው ዘር ሁሉ የመጣው ከእንዲህ ያሉት ነው" አሉ።

ግራዝማች ይህን እንደ ሰሙ ዳኛው ፊት ቀርበው፣ "ሟቹ የእኔ አያት ነው! መሬቱን ያቀናው እሱ ስለሆነ ርስቱ ለእኔ ይገባል" አሉ።

ዳኛው ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሏት።

"በመጀመሪያ እግዜር ያጽናዎት፣ ግራዝማች" አለች። "ግን በአገራችን የሟቹን ተዝካር ያላወጣ ርስት አይወርስም። እኚህ አባት ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ተዝካር ተኝተዋል። እንግዲህ ይደግሱላቸውና ዘመድ ይጥሩ። ዘመዳቸው ደግሞ፣ ሊቃውንቱ እንዳሉት፣ የሰው ዘር በሙሉ ነው። የመጨረሻው ሰው በልቶ ሲጠግብ መሬቱን አስረክባለሁ።"

ግራዝማች ጥቂት አሰቡና ሟቹን በመልክም አላውቀውም አሉ።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ ሴትዮዋ ጤፏን እያሳጨደች ነበር።