የአንጓች ጋን

በአንድ ወቅት፣ በዓባይ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አያ ልየው የሚባል ቀማሽ ነበር። ቀማሽነቱ ሹመት አይደለም፤ ትዳር የሰጠው ሥራ ነው። ሚስቱ አንጓች ጠላ ትጠምቃለች፣ እሱ ይቀምሳል። ዋንጫውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣል፣ ያሸታል፣ አንዴ ይጎነጫል፣ ከዚያ የጌሾው ምሬት ምላሱ ላይ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። «ጌሾው በዝቷል» ይላል። ወይም «አሻሮው አርሯል» ይላል። አንጓች ትቆጣለች፤ በሚቀጥለው ግን ታስተካክላለች። የሁለቱ ፍቅር እንዲህ ነበር።

አንጓች ታማ ሳለች እንዲህ አለችው፦ «የምጠምቅበትን ጋን ጥሩ ለጠመቀች ሴት ስጥልኝ። ራስህ ቀምሰህ ስጥ። ባዶውን ግን አታስቀምጠው፣ ይሻግታል።» እሱም ቃል ገባላት። ብዙም ሳትቆይ ሞተች።

ልጅ አልነበራቸውም። ድንኳኑ ፈረሰ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄደ፣ አያ ልየው ብቻውን ቀረ። አንዳንድ ቀን ሳያስበው ሁለት ዋንጫ ያጥብና አንዱን መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚያናግረው ሲያጣ ጓዳ ገብቶ ከጋኑ አጠገብ ይቀመጣል። ብቸኝነቱ ሲብስበት ግን ቃሉን ለመፈጸም ተነሣ። ሰው ቢመጣልኝ ብሎም እንደሆነ አልክድላችሁም።

የአንጓችን ኑዛዜ ሰምተው ጋኑን የፈለጉ ሦስት ሴቶች መጡ። ስንዱ ጠላ ሸጣ ልጆች የምታሳድግ ናት፤ ጋኗ ተሰብሮባት በፕላስቲክ በርሜል ነበር የምትጠምቀው። እሷ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ጠላ ይዛ መጣች። ዘርፌ ከጎንደር በኩል ያገባች ናት፤ ያልተጣራና አረፋው ከንፈር ላይ የሚቀር የገብስ ኮረፌ አመጣች። አመረች ደግሞ ከጋሞ መጥታ ገበያው አጠገብ የምትኖር ናት። ያመጣችው ቦርዴ ነው፤ እንደ አጥሚት የወፈረ፣ በዕለቱ ካልተጠጣ የሚበላሽ።

እንደ አገሩ ደንብ እያንዳንዷ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀድማ ቀመሰች፣ ከዚያ ሰጠችው። አያ ልየው ሦስቱንም ቀመሰ። የኮረፌውን ዋንጫ ጨረሰው።

«አልለየልኝም» አለ። «ደግማችሁ ጥመቁና እንየው።»

ደግመው ጠመቁ። ያን ቀን ቤቱ ሞቅ አለ፤ ሴቶቹ ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ሲያወሩ እሱም ሲስቅ ዋለ። ሊሄዱ ሲነሡ «አሁንም አልለየልኝም» አላቸው። ሌላ ጊዜም መጡ፤ ያኔም አልለየለትም። ምላሱን ምን ነካው ትሉ ይሆናል። ምላሱ ደህና ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በዘርፌ ኮረፌ ነው። መጀመሪያ ያመጣችው ግሩም ነበር። ቀጥሎ ያመጣችው ደከም አለ። የኋለኛው ግን ፊት የሚያጨማድድ ሆነ፤ ሰፈሩም «ዘርፌ እጇ ጠፋ» ማለት ጀመረ። እንደገና ሦስቱም ሲመጡ አያ ልየው ኮረፌውን ቀምሶ ዋንጫውን አስቀመጠ።

«በመዳፍሽ ቀምሰሽዋል» አላት። «አላወቅሁም አትዪኝም።»

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ናቅሽኝ?»

«አልናቅሁዎትም፣ አያ ልየው» አለች ዘርፌ። «የመጀመሪያ ቀን የኔን ዋንጫ ጨረሱት፤ ማሸነፌን ከፊትዎ አየሁ። ግን ‹አልለየልኝም› አሉ። ጋኑ ከወጣ ማን ይመጣልኛል ብለው እንደሆነ ገባኝ። ለሟች የገቡት ቃል ውሸት ከሚሆንብዎ፣ የኔ ከሌሎቹ እንዳይበልጥ፣ በእውነትም እንዳይለይልዎ ብዬ ኮረፌዬን አበላሸሁት።»

አያ ልየው አቀረቀረ። «እውነቷን ነው» አለ። «ብቻዬን መሆኑ ከበደኝ።»

ስንዱ ብድግ አለች። «እኔ ልጆቼ የሚበሉትን ገብስ ነው የጠመቅሁት። አንድም ቀን አላበላሸሁም። አሁን ይቅመሱና የማን እንደሚበልጥ ይንገሩኝ።»

ቀመሰ። የጌሾውን ምሬት ጠበቀ። «ያንቺ ይበልጣል» አለ።

«እንግዲያው ጋኑን ይስጡኝ።»

አያ ልየው አንዴ ስንዱን፣ አንዴ ዘርፌን አየ፤ ጋኑን ግን አልሰጠም። ስንዱ በሩን ወርውራ ወጣች። ዘርፌም ስሟ እንደጠፋ አንገቷን ደፍታ ተከተለች። አመረችም ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። እሱም መውጣት ተወ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት አበዛ።

ከገበያ መቅረቱን ያስተዋለች አመረች ናት። ቦርዴዋን አያ ልየው አንድም ቀን ወዶት አያውቅም፤ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ለጎረቤት ነበር የሚያድለው። አንድ ቀን ባዶ እጇን መጣች። ጓዳ ስትገባ ሽታው ተቀበላት፤ ጋኑ መሻገት ጀምሯል። ፈቃድ አልጠየቀችም። አሽታ አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው፣ ከቤቷ ድፍድፍ አምጥታ ቦርዴ ጠመቀችበት።

አያ ልየው እግሩን እየጎተተ ተነሣ። «የአንጓች ጋን ቦርዴ ገብቶበት አያውቅም» አላት።

«ባዶ ተቀምጦም አያውቅም፣ አባባ» አለችው።

ቦርዴ ደግሞ አያድርም። ስለዚህ ሲደርስ በሩ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ትጠራ ጀመር። ቤቱ ሞላ። አያ ልየው ያን ቀን አንድ ሙሉ ዋንጫ ቦርዴ ጠጣ፤ ወዶት አይመስለኝም።

ወሬው ለስንዱና ለዘርፌም ደረሰ። ስንዱ መጣች፦ «የሟች ቃል ጥሩ ለጠመቀች ነው። የኔ እንደሚበልጥ በአፍዎ ተናግረዋል።» ዘርፌን ሰዎች አስጠሯት፦ «መጀመሪያ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሜንም ለእርስዎ ብዬ ነው ያጠፋሁት» አለች። አመረች ግን «ባዶውን እንዳይቀመጥ ያሉት ሟቿ ራሳቸው ናቸው» ብቻ አለች። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሊስማሙ አልቻሉም። እኔንም አትጠይቁኝ፤ ጠላ ወዳጅ ነኝና አዳላለሁ።

ስትፈርዱ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ጋኑ በዚያ ጓዳ ወለል ላይ ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ ክብ ጉድጓድ አበጅቷል። ለማንም ይፈረድ፣ ተሸክመው ሲያወጡት አያ ልየው ከዚያ ጉድጓድ ጋር ብቻውን ይቀራል። ይህን አውቆ ነው ፍርዳችሁን የሚጠብቀው።

እንግዲህ ተናገሩ፤ የአንጓች ጋን ለማን ይገባል?