በተጧሪ አልጋ የሚውለው መጋቢ

አንድ መጋቢ ነበረ። «የአረጋውያን መጦሪያ ለማስተዳደር ፈተናውን አልፌ፣ ፈቃዱን በእጄ ይዤ፣ ደግሞ በየዓመቱ የምመረመረው ምን በድዬ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና መልሱን ከእሱ ታገኘዋለህ።

ሰውየው ጧሪ ያጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚኖሩበትን ቤት ያስተዳድር ነበር። ያ አገር ታዲያ አንድ ልማድ ነበረው። የመጋቢ ፈቃድ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ሦስት የአገር ሽማግሌዎች ይመጡና ቁልፉን ይቀበሉታል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣ የወጣለት ተጧሪ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ መጋቢው በእሱ አልጋ ላይ ተኝቶ ይውላል። ተጧሪው የሚበላውን ይበላል፤ ቢጠማው እንደ ተጧሪው ተጣርቶ ይጠይቃል፤ መነሣት አይፈቀድለትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ «ምን አየህ?» ይሉታል። ያየውን ከተናገረ ቁልፉ ይመለስለታል። «ምንም አላየሁም» ካለ ግን ቁልፉ ለሌላ ይሰጣል፤ ምንም የማይታይበት አልጋ የለማ!

መጋቢው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያን ቀን እንደ በዓል ነበር የሚጠብቀው። አንድ ዓመት የአንድ ዐይነ ስውር አዛውንት አልጋ ደረሰው፤ በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባው ብርድ በቀጥታ ጆሮ ግንድ ላይ እንደሚያርፍ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ጭቃ አቡክቶ በገዛ እጁ ደፈነው። በሌላው ዓመት ጥርስ የሌላቸውን ሰው ምሳ በላ፤ እሱን ጥርስ እያለው ያታከተው ደረቅ እንጀራ ከዚያ ወዲያ ፍትፍት ሆኖ ቀረበ። አሮጊቶቹ ከደጅ ሆነው «መጋቢ፣ ዛሬስ እኛን አከልህ፤ በል ምርኩዝ ግዛ!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም ተጋድሞ ይስቃል። ደግ ዘመን ነበር። እውነቴን ነው፣ ሳስበው ሆዴ ይባባል።

እነዚያ ሽማግሌዎች ግን አንድ በአንድ አለፉ። የተተኩት ይሉኝታ የሚያጠቃቸው ሰዎች ነበሩ። «ይህን የመሰለ የተከበረ ሰው፣ ሽበት ያበቀለ፣ እንዴት የተጧሪ አልጋ ላይ ተኛ እንለዋለን? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉ። እናም በየዓመቱ ይመጡና በር ላይ ሰላምታ ሰጥተው፣ ጠላ ቀምሰው፣ «በያዝከው ቀጥል» ብለውት ይሄዳሉ።

መጋቢው ደስ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን እንዳትስት። ነገር ግን የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ በተጧሪ አልጋ መዋሉ ከቀረ ወዲህ ቤቱን የሚያየው ቆሞ ሆነ። ቆሞ ሲያየው ደግሞ በየአልጋው ሥር የተቀመጡት የውኃ ቅሎች አላማሩትም። እንግዳ ሲመጣ ቤቱ የተዝረከረከ ይመስላል ብሎ፣ ቅሎቹ ሁሉ ከራስጌ በላይ በተሠራ መደርደሪያ ላይ እንዲደረደሩ አዘዘ። ቤቱ አማረ። የመጣ ሁሉ አመሰገነው።

እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በዐሥረኛው ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሞቱና በቦታቸው አንዲት አሮጊት አዋላጅ ተመረጠች። የስንቱን ገመና ያየች ሴት፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ገና ከመግባቷ እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«እኔን?» አለ መጋቢው ፊቱ እየቀላ።

«አዎ፣ አንተን።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። መጋቢው የሚያግዘው ሲያጣ ቁልፉን አስረከበ። ዕጣው የወጣው ለእማማ አስካለች ነበር። ዱሮ ከሁሉ በላይ በእሱ የሚያሾፉት እኒህ ሴት ነበሩ። እግራቸው ከከዳቸው ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጥጋቸውን ይዘው ዝም ብለዋል፤ መጋቢውም «እርጅና ነው» ብሎ ደምድሞ ነበር። ደግፈው ደጅ አወጧቸው፤ እሱም ቅር እያለው ተኛ።

ቀትር ላይ ጠማው። ቀና ቢል ቅሉ እጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ተጣራ። ሠራተኞቹ ግቢ ውስጥ ነበሩና አልሰሙም። ደግሞ ተጣራ። አንዷ በበሩ አለፈች፤ ወደዚያ ጥግ ዞር አላለችም፤ ከዚያ የሚጣራ ሰው ካጣች ሰንብታለች። ሦስተኛ ሊጣራ አፉን ከፈተና፣ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ አላስቸግራቸው» ብሎ ከደነው። ራሱን ዝም ሲል ባየ ጊዜ ደነገጠ። የቤቱ አዛዥ እሱ ሆኖ፣ በግማሽ ቀን ለመጣራት አፈረ!

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አዋላጇ ገብታ «ምን አየህ?» አለችው። እሱ ቅሉን ከመደርደሪያው አውርዶ ወደ ደጅ ወጣና እማማ አስካለች እግር ሥር ተቀመጠ።

«እማማ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ቢነግሩኝ?»

አሮጊቷ መጀመሪያ ጠጡ። «አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ደግ ሰው እንዴት ይወቀሳል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት፣ ልጄ።»

መጋቢው አለቀሰ። «ቁልፉ ለሌላ ይሰጥ» አለ።

«ቁልፍ የሚሰጠው ላየ ሰው ነው፤ አንተ ደግሞ ዛሬ አይተሃል» አለች አዋላጇ። «የሌሎቹንም ቅሎች አውርድ። ለዓመቱ እመጣለሁ።» ወደ ባልንጀሮቿም ዞራ፣ «አክብራችሁ ልትገድሉት ነበር» አለቻቸው።

አንተም እንደዚያ መጋቢ ነህ፣ ልጄ። ፈተናው የምታውቀውን አሳይቶልሃል፤ ቆመህ የማይታይህን ግን ማንም ፈተና አያሳይህም። «አላመኑኝም» ብለህ ነው የከፋህ። እውነትህን ነው፣ አላመኑህም። መናገር ላፈረ ሰው ሲሉ ነው ያላመኑህ። ዛሬ ምርመራው ቅጽና ማኅተም ሆኗል፤ የዱሮው ይሻል ነበር ብል ሸመገለ በለኝ። ብቻ መርማሪዎቹ ሲመጡ ቢሮህ ውስጥ ሻይ እያቀረብህ አታዘግያቸው። እንደ መጡ እየመራህ ወስደህ፣ ከሁሉ ይልቅ ዝም ካለው ሰው አጠገብ አስቀምጣቸው።